ባለቅኔዎች ያቆሙት መድረክ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት በአራዊት ተረት ጀመረ። ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ፣ ቴራስ ሆቴል ውስጥ ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ ያሳዩት ድርሰት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። ደራሲው በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተልከው የጦር ትምህርት የተማሩ፣ አውሮፓን አይተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ኋላም የ1923 ዓ.ም.ን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ ጨርጨርንም አስተዳድረዋል። በውጭ አገር ያዩትን ቴአትር ወደ አገራቸው ሲያመጡ የመረጡት ሰው የሚበዛበትን ታሪክ አልነበረም። ከላፎንቴን ተረቶች ወስደው አራዊትን መድረክ ላይ አቆሙ፤ በአራዊቱም አፍ የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት፣ የሹማምንቱን ስንፍናና ጉቦኝነት ተናገሩ። ተመልካቹ የተነገረው ስለ ማን እንደሆነ ለመረዳት አልተቸገረም። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ፤ ራስ ተፈሪ በ1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው እስኪነግሡም መድረኩ ዝም አለ።

ይህ አጀማመር ብቻውን የቆመ አይደለም። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመታት ገደማ በፊት፣ ቴአትር በተወለደባት በአቴና ከተማም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ ፍሪኒኮስ የተባለ ባለ ተውኔት ፋርሶች የሚሌጦስን ከተማ መያዛቸውን በመድረክ ቢያሳይ ሕዝቡ በሙሉ አለቀሰ። አቴናውያን «የራሳችንን መከራ አስታወስከን» ብለው 1000 ድራክማ ቀጡት፤ ተውኔቱም ዳግመኛ እንዳይታይ ከለከሉ። የአራዊት ጭምብልም ቢሆን የአቴና ኮሜዲ የታወቀበት ዘዴ ነው። አሪስቶፋነስ በ422 ቅ.ል.ክ. ተርቦችን፣ በ414 ወፎችን፣ በ405 እንቁራሪቶችን ኮረስ አድርጎ አቁሟል። ተርቦቹ ዳኝነት ሱስ የሆነባቸው የአቴና ሽማግሌዎች ነበሩ። ፊታውራሪ ተክለሐዋርያትና አሪስቶፋነስ አንዱ ከሌላው አልተማሩም፤ ነገር ግን ሥልጣንን በአደባባይ ለመንካት የሚሻ ደራሲ አውሬን ከፊቱ ማስቀደሙ በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ጥበብ ሆኗል።

የሁለቱ ቴአትሮች ዝምድና ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። ሁለቱንም ያቆሟቸው ባለቅኔዎች ናቸው።

በአቴና ቴአትር ማለት ከአክሮፖሊስ ኮረብታ ሥር፣ በተራራው ወገብ ላይ ተቀምጦ በጠራራ ፀሐይ የሚታይ ሃይማኖታዊ በዓል ነበር። በዓሉ የወይን አምላክ የሚባለው የዳዮኒሰስ ነው፤ የሚውለውም በመጋቢት ገደማ ነው። ቴስፒስ የተባለ ሰው በ534 ቅ.ል.ክ. ገደማ ከዘማሪዎቹ ቡድን ተነጥሎ ለብቻው በመናገር የመጀመሪያው ተዋናይ ሆነ ይባላል። ከዚያ በፊት የነበረው ኮረስ፣ ማለትም እየዘፈነና እየተወዛወዘ የሚተርክ ቡድን ብቻ ነው። ኤስኪለስ ሁለተኛ ተዋናይ ጨመረ፤ ሶፎክለስ ሦስተኛ። ሦስት ወንዶች ጭምብል እየለዋወጡ ንጉሡንም፣ ንግሥቲቱንም፣ እረኛውንም ይጫወቱ ነበር። የቀረው ጉልበት የኮረሱ ነው፤ በትራጀዲ አሥራ ሁለት፣ በኋላ አሥራ አምስት፣ በኮሜዲ ደግሞ ሃያ አራት ሰው ይሰለፍ ነበር። በየዓመቱ ሦስት የትራጀዲ ጸሐፊዎች እየተመረጡ ይወዳደራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ሦስት ትራጀዲዎችና ሳቲር የተባለ አንድ የቧልት ጨዋታ ያቀርባሉ። የኮረሱን ልብስ፣ ሥልጠናና ቀለብ የሚችለው ከከተማዋ ሀብታሞች አንዱ ነው፤ በ472 ቅ.ል.ክ. የኤስኪለስን «ፋርሶች» ወጪ የሸፈነው ኋላ የአቴና መሪ የሆነው ወጣቱ ፔሪክለስ ነበር።

ጸሐፊው ሁሉንም ነገር ራሱ ይሠራ ነበር። ግጥሙን ይጽፋል፣ ዜማውን ያበጃል፣ ኮረሱን ያሠለጥናል፤ በመጀመሪያው ዘመንማ ራሱ ይተውናል። አቴናውያን ሥራውን የጠሩት ግጥም ብለው ነው፤ ቃለ ተውኔቱ በሙሉ በስንኝ ነበርና። የተለመደው የንግግር ስንኝ በመሠረቱ አሥራ ሁለት ቀለም አለው። በአማርኛ ግጥም የወል ቤት የሚባለው፣ ስድስት ስድስት ሆኖ የሚከፈለው ስንኝም አሥራ ሁለት ቀለም ነው። ይህ መገጣጠም ብቻ ነው፤ ሆኖም የአማርኛ ባለ ተውኔት ስንኝን ለመድረክ ሲያውል የተገኘው ርዝመት ለሰው ትንፋሽና ለአዳራሽ ጆሮ የተስማማ መሆኑን ያሳያል።

በኢትዮጵያም ከእገዳው በኋላ መድረኩን የከፈቱት የቅኔ ቤት ልጆች ናቸው። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ተወልደው በቅኔ ትምህርት ያደጉ ናቸው። አዲስ አበባ ገብተው መምህር ሲሆኑ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ተውኔት ማሳየት ጀመሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥምም የእሳቸው ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን በስደት ሱዳን ቆይተዋል፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሰው በ1939 ዓ.ም. አርፈዋል። «አፋጀሽኝ» የተሰኘው ሥራቸው የአገርን መከራ በምሳሌ የሚያሳይ ነው። የእሳቸውና በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ያሠለጠኑት የመላኩ በጎሰው ተውኔቶች ዛሬ ለሚያነባቸው ሰው ድርጊታቸው ጥቂት፣ ንግግራቸው ብዙ ሊመስል ይችላል። ይህ ግን የጉድለት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የሚፈልግ፣ በዜማና በመነባንብ ያደገ ተመልካች ወደ አዳራሽ የሚመጣው ለመስማት ነበር። የኤስኪለስ ተመልካችም እንደዚሁ ነው፤ በቀደሙት የግሪክ ተውኔቶች ግድያና ጦርነት ከመድረክ ጀርባ ይፈጸማል፤ ተመልካቹ ዜናውን የሚሰማው ከመልእክተኛ አፍ ነው።

በአቴና ከተማዋ የያዘችውን ቦታ በኢትዮጵያ የያዘው ቤተ መንግሥቱ ነው። የኢጣሊያ ጦር ሊወርር ሲዘጋጅ፣ በ1927 ዓ.ም. መኮንን ሀብተወልድ የኢትዮጵያን የሀገር ፍቅር ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማው በንግግር፣ በዘፈንና በተውኔት ሕዝቡን ለመከላከል ማነሣሣት ነበር። ዛሬ ፒያሳ አካባቢ የሚገኘው የሀገር ፍቅር ቴአትር የዚያ ማኅበር ልጅ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ፣ ጣሊያኖች ለሲኒማ ጀምረውት የነበረው ሕንፃ ተስፋፍቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ነው። የመክፈቻው ተውኔት የጠቅላይ ሚኒስትሩ የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር።

ይህ ምርጫ ሊታሰብበት ይገባል። በመጽሐፍ ቅዱስ እንደሚነገረው ዳዊት የታማኝ ወታደሩን ሚስት የወሰደ፣ ባሏንም በጦር ግንባር ያስገደለ ንጉሥ ነው። በነቢዩ ናታን አፍ ተወቅሶም ያለቀሰ ንጉሥ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የጻፉት፣ ሥርወ መንግሥቱን ከዳዊት በሚቆጥረው ንጉሠ ነገሥት ፊት፣ በእሳቸው ስም በተጠራ አዳራሽ መክፈቻ ላይ የታየው ተውኔት የሚናገረው ስለ ንጉሥ ኃጢአትና ንስሐ ነው። በቀጥታ ወቀሳ አልነበረም፤ ደራሲው ከዙፋኑ የቅርብ ሰዎች አንዱ ናቸውና። ግን መድረክ ለንጉሥ የሚነግረው ነገር እንዳለ ያሳያል። የአቴና ትራጀዲም የሚመላለሰው በዚሁ ዙሪያ ነው፤ ኤዲፐስ፣ ክሬዎን፣ አጋሜምኖን ሁሉም ነገሥታት ናቸው፤ ሁሉም የሚወድቁት ሥልጣናቸውን ከልኩ በላይ ሲያምኑ ነው።

በአቴና ሴት መድረክ ላይ አትወጣም ነበር፤ አንቲጎኔንና ሜዲያን የተጫወቱት ወንዶች ናቸው። በኢትዮጵያም የመጀመሪያዎቹን የሴት ገጸ ባሕርያት የተጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ልዩነቱ ኢትዮጵያ ይህን ለማለፍ የወሰደባት ጊዜ አጭር መሆኑ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን መካከል ሰላማዊት ገብረሥላሴና በክራሯም ጭምር የምትታወቀው አስናቀች ወርቁ ይጠቀሳሉ። መድረክ የወጣች ሴት በምን ዓይን ትታይ እንደነበር ለሚያስብ ሰው፣ እነዚህ ሴቶች የሠሩት ሥራ ከማንኛውም ደራሲ ሥራ አያንስም። በጸሐፊነትም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ቀዳሚ ናቸው። በስዊዘርላንድ ተምረው፣ በወረራው ዘመን ተማርከው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታስረው የተመለሱት ስንዱ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ በነበሩበት ጊዜ ስለ አርበኞች ተጋድሎ ተውኔቶችን ጽፈው በልጃገረዶቹ አሳይተዋል፤ በኋላም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል።

የግሪክና የኢትዮጵያ መድረክ ፊት ለፊት የሚገናኙት ግን በጸጋዬ ገብረመድኅን ነው። ጸጋዬ በ1928 ዓ.ም. አምቦ አቅራቢያ ቦዳ ተወለደ። የግዕዝ ቅኔ የቀመሰ፣ በኦሮሞ አባቱና በአማራ እናቱ ሁለት ቋንቋ ያደገ ልጅ ነው። አምቦ ትምህርት ቤት ሳለ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የጻፈው የመጀመሪያ ተውኔቱ «ንጉሥ ዳዮኒስዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች» ይባላል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበትም ታይቷል። አንድ የሸዋ ልጅ ለንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያ ሥራውን ሲያቀርብ ከግሪኮች ዓለም የተገኘ የንጉሥ ስም መምረጡ በሕይወቱ ሙሉ ለሚከተለው መንገድ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ በቺካጎ ሕግ አጠና፤ በለንደን ሮያል ኮርት ቴአትርና በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትርን ተማረ። ተመልሶም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን መራ። «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን በአማርኛ መለሰ፤ በ29 ዓመቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ። ስንኙ ከወል ቤቱ የረዘመ፣ ስምንት ስምንት ቀለም እየሆነ የሚወርድ ነው፤ የአማርኛ ግጥም ተመራማሪዎችም ስሙን ወስደው የጸጋዬ ቤት ብለውታል።

በ1965 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ከሁሉም ሥራዎቹ ለግሪክ ትራጀዲ የቀረበው ነው። ኦዳ በኦሮሞ ባህል ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚደነገግበት ዛፍ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ዱከም አቅራቢያ የሚገኘው ኦዳ ነቤ ከጥንታዊዎቹ የገዳ ማዕከላት አንዱ ነው። ጸጋዬ የዛፉን ክብር ወስዶ፣ በራሱ ምናብ አንድ ጨካኝ ትንቢት ተናጋሪ ፈጠረበት፤ ይህ የደራሲው ፈጠራ እንጂ የገዳ ሥርዓት ገለጻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በተውኔቱ ትንቢቱ ያዛል፤ የጎሳው ብርቱ ልጅ ሻንካና ሙሽራይቱ ኡኩቴ የሚወልዱት የበኩር ልጅ ለቀደሙት አባቶች መሥዋዕት ይሆናል። ሻንካ ልጁን ለማትረፍ ብሎ ሙሽራይቱን ሳይነካ ይኖራል። ልጅ የተጠማችው ኡኩቴ ወደ ጓደኛው ወደ ጎአ ትሄዳለች። ጎአ የባዕድ አገር አይቶ፣ ሌላ እምነት ሰምቶ የተመለሰ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሞት ነው።

የሶፎክለስን «ንጉሥ ኤዲፐስ» የሚያውቅ ሰው አካሄዱን ይለየዋል። የኤዲፐስ አባት ከትንቢቱ ለማምለጥ ልጁን ጣለ፤ ልጁም ከትንቢቱ ለማምለጥ ያደገበትን ቤት ጥሎ ሄደ፤ ማምለጫው ራሱ የትንቢቱ መንገድ ሆነ። ሻንካም ከመሥዋዕቱ ለማምለጥ የያዘው መታቀብ ሚስቱንና ጓደኛውን ያሳጣዋል። ልዩነቱ ግን አለ፤ ጸጋዬን ትልቅ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሶፎክለስ አምላኩ እውነቱን መናገሩን አይጠራጠርም። ጸጋዬ ግን ትንቢቱን የሚናገረው ሰው፣ በቀደሙት ስም የሚያዘው ሥልጣን እውነት ይሁን ሐሰት፣ ሕያዋን ለሙታን ምን ያህል ዕዳ እንዳለባቸው ይጠይቃል። ይህ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ለቆመ ትውልድ የቀረበ ጥያቄ ነበር።

«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ደግሞ ሌላ ዓይነት ትራጀዲ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስቶች ተረሸኑ። ተውኔቱ ሰማዕትነታቸውን እንደ ዜና አይተርክም፤ ሞት ሊፈረድባቸው የቀረቡ አንድ ሰው ከራሳቸው ጋር የሚያደርጉትን ሙግት ያሳያል። ሥጋቸው ይፈራል፤ እምነታቸው ያዝዛል። የሶፎክለስ አንቲጎኔም ለወንድሟ ቀብር ስትል ሞትን ከመረጠች በኋላ ወደ መቃብሯ ስትወሰድ፣ ስለማታገባውና ስለማትወልደው ሕይወት ታለቅሳለች። ጀግና ሲፈራ ማሳየት የትራጀዲ ትልቁ ድፍረት ነው፤ ጸጋዬም ይህን በአንድ ጳጳስ ላይ መሞከሩ ተመልካቹ ሰማዕቱን እንዲያከብር ብቻ ሳይሆን እንዲያዝንላቸውም አድርጓል።

በኮሜዲው በኩል መንግሥቱ ለማ ይቆማል። እሱም የሊቅ ልጅ፣ ቅኔ የተማረ፣ ከዚያም ለንደን የተማረ ሰው ነው። «ያላቻ ጋብቻ» ተምሮ የመጣ ጎልማሳ የቤት ሠራተኛውን ለማግባት ሲነሣ ዘመዶቹ ላይ የሚደርሰውን ድንጋጤ ያሳያል። «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ የጠለፋን ልማድ ወደ ከተማ አምጥቶ ያስቅበታል። አሪስቶፋነስ ከሞተ በኋላ በአቴና የተነሣው ሜናንደርም እንደዚሁ ከፖለቲካው አደባባይ ወደ ሰው ግቢ የገባ ነው። ግልፍተኛ አባት፣ ተንኮለኛ አገልጋይ፣ ድሀ ሴት የወደደ ጎረምሳ ገጸ ባሕርያቱ ናቸው። መንግሥቱ ግን የቤት ኮሜዲ ያደረገው ጉዳይ የኢትዮጵያ ትልቁ ፖለቲካ ነበር፤ ባለ ርስትና ገባር፣ የተማረና ያልተማረ በአንድ ሳሎን ውስጥ ይጋጫሉ። በ1980 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ በዩኒቨርሲቲ ለወጣቶች የተውኔት አጻጻፍን ሲያስተምር ኖሯል።

የ1966ቱ አብዮት መድረኩን ለአንድ አፍታ የአገር አደባባይ አደረገው። የጸጋዬ «ሀሁ በስድስት ወር» በዚያው ዓመት አካባቢ ታይቶ የሕዝቡን ጥያቄ ትኩስ እንዳለ መድረክ ላይ አወጣ። ነፃነቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሳንሱር መጣ፣ ደራሲውም ታሰረ። ሌላው የዘመኑ ገጽታ የኪነት ቡድኖች መብዛት ነው። በየቀበሌውና በየከተማው ወጣቶች ዘፈን፣ ውዝዋዜና አጭር ድራማ ያቀርቡ ነበር። ብዙው ቅስቀሳ ቢሆንም፣ ከአዲስ አበባ ውጪ ያሉ ከተሞች ልጆች መድረክን የቀመሱት በዚያ ነው። እንደ አዳማ ያለ ትልቅ ከተማም ሆነ እንደ ዓለም ጤና ያለ አነስተኛ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ቋሚ የቴአትር ቤት ባለቤት ባልነበረበት ዘመን ተውኔት የሚደርሰው በትምህርት ቤት በዓል፣ በኪነት ቡድንና በሬዲዮ ነበር።

በሬዲዮ በኩል ተዋንያኑ ከደራሲዎቹ ይበልጥ ታወቁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ መጽሐፉን ያላነበበ ያገሬ ሰው ገጸ ባሕርያቱን በድምፁ አወቃቸው፤ ብሔራዊ ቴአትርን ረግጦ የማያውቅ አድማጭ እንኳ ስሙን ይጠራል። ፈቃዱ ተክለማርያም በጸጋዬ «ቴዎድሮስ» ንጉሡን ሆኖ መድረክ ላይ ሲቆም ብዙዎች ቴዎድሮስን የሚያስቡት በእሱ ቁመናና ድምፅ ሆነ። በአቴናም ተዋናይ ከጸሐፊው ጥላ የወጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ከ449 ቅ.ል.ክ. ጀምሮ ለትራጀዲ ተዋናይ የተለየ ሽልማት ተመደበለት። ጭምብል ፊቱን የሸፈነበት፣ ከኮረብታ ጫፍ ድረስ ለተቀመጠ ሕዝብ የሚናገር ሰው መሣሪያው ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ የሬዲዮ ተራኪ ከግሪክ ተዋናይ ጋር ከሲኒማ ተዋናይ ይልቅ ይቀራረባል።

የቀረው ጉዳይ የድርሰቶቹ ዕጣ ነው። ኤስኪለስ ከሰባ በላይ ተውኔቶች ጽፏል፤ የተረፉት ሰባት ናቸው። ሶፎክለስ ከ120 በላይ ጽፎ የተረፉት እንዲሁ ሰባት ናቸው። የዩሪፒደስ አሥራ ስምንት ወይም አሥራ ዘጠኝ፣ የአሪስቶፋነስ አሥራ አንድ ቀርተዋል። ከጠፉት መካከል ስለ ኢትዮጵያ የሚናገሩ አሉ፤ ኤስኪለስ ለትሮይ የተዋጋውን የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖንን በመድረክ አቁሞ ነበር፤ ዩሪፒደስም በ412 ቅ.ል.ክ. የኢትዮጵያውያንን ንጉሥ ልጅ አንድሮሜዳን አሳይቶ ነበር። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን ሰፊ ምድር ማለታቸው ነው። ከሁለቱ ተውኔቶች ዛሬ የቀረው ቁርጥራጭ ነው። ጥፋቱ የከፋ ያልሆነው አቴናውያን በአራተኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ሊኩርጎስ በተባለ ባለሥልጣን ሐሳብ የሦስቱን ታላላቅ ትራጀዲ ጸሐፊዎች ሥራ አንድ ትክክለኛ ቅጂ በመንግሥት መዝገብ እንዲቀመጥ፣ ተዋንያንም ከዚያ እንዳይወጡ በሕግ ስለደነገጉ ነው። በኋላ የግብፁ ንጉሥ ጦለሚ ሦስተኛው ቅጂውን ለእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት በ15 መክሊት መያዣ ተውሶ፣ መያዣውን ትቶ መጻሕፍቱን አስቀርቷል ይባላል።

የአማርኛ ተውኔት ከተወለደ ገና መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ የጠፋበት ግን ቀላል አይደለም። መንግሥቱ ለማ ዋና ዋና ኮሜዲዎቹን አሳትሟል፤ የጸጋዬ ታሪካዊ ተውኔቶችም በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ወጥተዋል። ነገር ግን በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር መድረኮች ለወራት ሲታዩ ከቆዩ ሥራዎች ብዙዎቹ በመጽሐፍ አልወጡም። ያሉበት ቦታ የደራሲው ቤት፣ የአዘጋጁ መሳቢያ ወይም የተዋናዩ ትዝታ ነው። የታተመ ተውኔት በአምቦም ሆነ በዓለም ጤና ተማሪ ሊያነበውና ከጓደኞቹ ጋር ሊያጠናው ይችላል። ያልታተመው ግን ተዋናዩ ካረፈ በኋላ ርዕሱ ብቻ ይቀራል፤ እንደ ፍሪኒኮስ የሚሌጦስ ተውኔት።